ከጣሳው አፍ በላይ

ይድረስ ለልጄ፣

እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ዳገቱ ምንም አላለኝም፣ የጠላኝ ቁልቁለቱ ነው ትላለች። የመንደራችንን የኦቾሎን ቁልቁለት ታውቂዋለሽና አልፈርድባትም።

ባለፈው እሁድ ስንደዋወል፣ «አባዬ፣ ገበያ መግባት እፈራለሁ፤ መከራከር አልችልበትም፣ ያታልሉኛል» ብለሽ ሙዙንም ድንቹንም ከሱፐርማርኬት እንደምትገዢ ነገርሽኝ። ስልኩን ዘግቼ ለእናትሽ ስነግራት ከትከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ጠዋት ደብተር ፈልጌ ይኸው ተቀመጥኩ። ምክር በስልክ አይሆንም። ወይ ካርዱ ያልቃል፣ ወይ አንቺ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊያለሽ።

ፎቶውን የላክሽልኝን ሙዝ አየሁት። በላስቲክ ተጠቅልሎ ዋጋው ተለጥፎበታል። ማን ያውቃል፣ ከላንቴ ወይም ከጫኖ የወጣ ይሆናል። ከኛ ማሳ አጠገብ ጥሬውን ተቆርጦ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው አዲስ አበባ አንቺ ዘንድ የደረሰው። የተወለድሽበት አገር ሙዝ እንግዳ ሆኖ ሲመጣብሽ ትንሽ ከፋኝ። ልውቀስሽ ብዬ ግን አይደለም። ጥፋቱ የኔም ነው። ስትማሪ «አንቺ አጥኚ፣ ገበያውን እኛ እንሄዳለን» እያልን ያሳደግንሽ እኛ ነን። ውጤትሽ አምሯል፤ ገበያ ላይ ግን ዜሮ አስገብተሽ ተመረቅሽ።

እኔ ገበያ የተማርኩት ከአያትሽ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ከተቆረቆረ ገና ብዙ ያልቆየበት ዘመን ነበር። እናቴ በገበያ ቀን ወፍ ሳይንጫጫ ትቀሰቅሰኛለች። እሷ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ታዝላለች፤ እኔ በትንሿ ቅል ያለውን ቅቤ እይዛለሁ። ከደጃችን ቁልቁል ሲታይ አባያ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ትሪ ይመስላል፤ ፀሐይ ስትወጣበት መዳብ ይሆናል። እኔ ሐይቁን እያየሁ ድንጋይ ሲያደናቅፈኝ፣ እሷ ዞር ሳትል «ቅቤው!» ትላለች። «ልጄን» አይደለም፣ «ቅቤው!» ነው የምትለው። እንግዲህ ዋጋዬን ከዚያ ጀምሬ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ በኋላ ሲገባኝ፣ የኛ ተራራ ሁሉ አንድ ትልቅ ሱቅ ነው። ላይ ከጨንቻና ከዶርዜ ገብስና ድንች፣ ቆጮና ቡላ ይወርዳል። ታች ከቆላው በቆሎ፣ ጥጥ፣ ሙዝ፣ ሽፈራውና የጫሞ ዓሣ ይወጣል። አያትሽ ቆጮ ሸጣ ጥጥ ገዝታ ትመለስና ማታ ማታ ትፈትለዋለች፤ ሸማኔ ደግሞ ይሸምነዋል። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የምታዪው ጋቢና ጥለት ሥሩ እዚህ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔ ሙያውን ይዞ ነው አዲስ አበባ የገባው። ደጋው ያለ ቆላው አንድ ሳምንት አያድርም፤ ቆላውም እንደዚሁ። ለዚህ ነው የገበያ ቀኖቹ እንዳይጋጩ የተደለደሉት፦ ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፣ ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ። አንዱ የሌላውን ገበያ አይሻማም።

አሁን ወደ ጣሳው ልምጣ። አያትሽ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረቻት፤ በቆሎና ባቄላ የምትሰፍርበት። በስተርጅና ገበያ ስትቀመጥ አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። እህሉን እስከ አፉ ትሞላዋለች፣ ከዚያ ትቆልላለች፣ ቁልሉ ፈሶ እስኪመለስ ድረስ። ገዥዋ አቁማዳዋ ውስጥ ገልብጣ ስታበቃ «መርቂልኝ» ትላታለች። አያትሽም ሳትናገር እጇን ትሰድና አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ያቺ እፍኝ ምርቃት ትባላለች። ልብ በይ፣ የኔ እናት፦ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ «እደጊ፣ ተመንደጊ» የሚልሽም ምርቃት ነው፣ ሰፋሪዋ ከልክ በላይ የምትጨምርልሽም ምርቃት ነው። በኛ በጋሞኛ ምርቃትን አንጆ እንላለን፤ በሸንጓችን በዱቡሻ ላይ ጉዳይ ከመነሳቱ በፊት ሽማግሌዎች ሰላሙን፣ ዝናቡን፣ ከብቱንና ልጁን የሚመርቁበት ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ስማር የቃሉን ሁለት መልክ ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እናቴ ስታደርገው የኖረችውን ነገር ሌላ ቋንቋ ስም ሰጥቶልኛል።

ሱፐርማርኬትሽ የማይሰጥሽ ይሄንን ነው። ሚዛኑ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ወለሉም ይጸዳል፤ ግን ማሽኑ ላይ «መርቂልኝ» የምትያት ሰው የለችም።

ደግሞ ገበሬ ሁሉ ቅዱስ ነው ብዬ እንዳላታልልሽ። ጣሳ ገዝቶ ቂጡን በመዶሻ ወደ ውስጥ የደቆሰ ሰው አይቻለሁ፤ ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፣ ከታች ግን አንድ እፍኝ ጎድሏል። ስለዚህ ከማስፈርሽ በፊት ጣሳውን በእጅሽ ገልብጠሽ አስተውዪ። ሳታፍሪ አድርጊው። ጨዋ ነጋዴ አይቀየምም፤ የተቀየመ ካለ ምክንያት አለው።

ሙዝ ስትገዢ የቆዳውን ቢጫነት ብቻ አትመኚ። ሙዙ ከዚህ ጥሬውን ነው የሚሄደው፤ እዚያ በዝግ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ በላምባ ጭስ ነው የሚያበስሉት። በጥድፊያ የበሰለው ላዩ ቢጫ፣ ውስጡ ድርቅ ያለ ነው። በጣትሽ አንገቱን ጫን በዪው፤ እንቢ ካለ ገና ነው። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ሰው እየተወው ያልፋል፣ አንቺ አንሺው፤ ለዕለቱ የሚጣፍጠው እሱ ነው። የሀበሻ ሙዝ የሚሉት አጭርና ወፍራም ካገኘሽ፣ መልኩ ባያምርም፣ ግዢና ቅመሺው።

ሽፈራው፣ የኛ ሀሌኮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደርቆ ተፈጭቶ ነው የሚሸጠው፣ እንደ መድኃኒት። አንቺ ሀሌኮ እየበላሽ ያደግሽ ልጅ በማንኪያ ለክተሽ ስትጠጪው ባይሽ እስቅ ነበር። የሆነ ሆኖ ከገዛሽ አረንጓዴውን ምረጪ። በጥላ የደረቀ አረንጓዴነቱን አይለቅም፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ይገረጣል።

ድንች ላይ አረንጓዴ የተቀባ የሚመስል ካየሽ ተዪው፤ ፀሐይ መትቶታል፣ ይመራል። አፈር ያለበትን አትናቂ። አጎትሽ ከአሜሪካ ሲደውል እዚያ በቅዳሜ ገበሬዎች መንገድ ዘግተው የሚሸጡበት ገበያ አለ፣ አፈሩ ያልተራገፈ ካሮት ከሱቅ በበለጠ ዋጋ ይገዛል አለኝ። አፈሩ ነው የሚሸጠው ማለት ነው? ብዬ ስጠይቀው «ታዲያስ!» አለኝ። እኛ ደግሞ ገበያ ከመሄዳችን በፊት አፈሩን ለማጠብ ምንጭ እንወርዳለን። ዓለም እንዲህ ናት።

ቅቤና ቆጮ ላይ ግን ረጋ በዪ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚያ ነው። አያትሽ ቅቤ ስትገዛ ከቅጠሉ ላይ ያለውን አትቀምስም። ከአጠገቧ ስንደዶ ትመዝና ቅቤው መሃል ድረስ ትሰድዳለች፣ ታወጣና ጫፉን ታሸታለች። ትኩሱን ከላይ ቀብተው የከረመውን ከሥር የሚያስቀምጡ አሉ፤ ስንደዶው ግን ሥር ያለውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ትንሽ ምላሷ ላይ ታኖረዋለች። ጥሩ ቅቤ ወዲያው ይቀልጣል። ምላስ ላይ እንደ ሰም የሚጣበቅ ከሆነ የሚረጋ የአትክልት ዘይት ተቀላቅሎበታልና ሂጂ። በከተማ ሙዝ ሳይቀር የሚቀላቅሉ ተይዘው በየጊዜው በዜና ስንሰማ፣ የኛ ሙዝ እዚያ ሥራ ፈልጎ ገባ ብለን ስቀናል፤ ሳቁ ግን የምሬት ነው።

ቆጮን በእጅሽ ጨምቀሽ እዪ። ውኃ ከወጣው ገና በጉድጓዱ አልቆየም፤ ክብደቱን ውኃው ነው የሚሰጠው። ትንሽ ቆርሰሽ በሁለት እጅ ሳቢው፤ ቃጫው ከበዛ ተቸኩሎ ተፍቋል። ሽታው ኮምጠጥ ማለት አለበት፣ መክረፋት ግን የለበትም፤ ልዩነቱን አፍንጫሽ ያውቃል፣ ቤታችን ነው ያደገው። ይህን ሁሉ ስታደርጊ ግን አንድ ነገር አስቢ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። መፋቁ፣ መቅበሩ፣ ማገላበጡ የሴቶች ነው፤ ወንድ ልጅ እዚያ አይጠጋም። ሻጯ ሴት በነገረችሽ ዋጋ ውስጥ እነዚያ ዓመታት አሉ። አንቺ ያየሽው የዛሬዋን ጠዋት ብቻ ነው።

ስለ ክርክሩ ልንገርሽ፣ የፈራሽው እሱ ነውና። መጀመሪያ ሰላም በያት። «እንደምን ዋልሽ? ገበያ እንዴት ነው?» ሳትዪ ዋጋ አትጠይቂ። ሰላምታ የሌለው ክርክር ጠብ ነው። እናትሽን የምታክል ከሆነች «እናቴ»፣ አዛውንት ከሆኑ «እማማ» በዪ፣ አንቺ እያልሽ በስማቸው እንዳትጠሪ። ከዚያ ዋጋውን ጠይቂና ወዲያው ቀንሱ አትበዪ፤ ሌላ ሁለት ቦታ አልፈሽ ጠይቂ። የገበያውን ዋጋ ያወቀ ሰው አይጮህም። ስትመለሺ የምትከፍዪውን አንዴ ተናገሪ። ቢሰጡሽ ውሰጂ፣ ባይሰጡሽ «ይቅናችሁ» ብለሽ እለፊ። ይጠሩሻል። ካልጠሩሽ ዋጋቸው እውነተኛ ነበር ማለት ነው፤ ተመልሰሽ ግዢ፣ መመለስ ውርደት አይደለም።

ነጋዴና ገበሬን ለይተሽ እወቂ። ነጋዴው ከብዙ ቦታ ገዝቶ በብዛት የደረደረ ነው፤ ከሱ ጋር እስኪበቃሽ ተከራከሪ፣ እሱም ይወደዋል፣ ሥራው ነው። መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ሦስት መደብ ድንችና ሁለት ጭብጥ ጎመን ያስቀመጠችው ሴት ግን ሌላ ናት። እዚያ ያለው ሁሉ ከጓሮዋ ነው። እሷ ዘንድ ከተከራከርሽ ስለ ምን እንደምትከራከሪ አስቢ። ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አይደለም፤ ያዋረደኝ ነገር ስላለ ነው። ለእናትሽም አልነገርኳት።

መምህር ሆኜ ጨንቻ የተመደብኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ማክሰኞ ገበያ ወጣሁ። የጨንቻን ጉም ታውቂዋለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ሰውና ዛፍ አይለይም። ገበያው ሊበተን ነው። አንዲት አሮጊት የመጨረሻ አንድ መደብ ድንች ይዘው ቁጭ ብለዋል፣ ራሳቸውን በቡልኮ ሸፍነው። ዋጋውን ጠየቅኳቸው፤ ሁለት ብር አሉኝ። ርካሽ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ነኛ፣ ብልጥ ሆንኩ። ይህን ይዘው ዳገት አይወጡም፣ ጉሙም መጥቷል፣ ልጠብቅ አልኩ። ዞር ዞር ብዬ ሰው ሲያልቅ ተመለስኩና «አንድ ብር» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ጫማዬን አዩ፣ ኮቴን አዩ። ምንም አላሉም። ድንቹን በከረጢቴ ገለበጡልኝ። አንድ ብሬን ተቀበሉና ቋጠሩት። ልሄድ ስል «ቆይ» አሉኝ፤ ከቡልኳቸው ሥር ሦስት ድንች አወጡና ጨመሩልኝ። «ሸክሜን አቀለልክልኝ፣ ልጄ፣ እደግ» አሉኝ።

የኔ እናት፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ድንች በልቻለሁ፤ እነዚያ ሦስቱ ግን አልተፈጩልኝም። እንዲህ አድርጌያቸው የመረቁኝ ንቀው ይሁን፣ ልማድ ሆኖባቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ፈልጌያቸው ነበር፣ ልክፈላቸው ብዬ። በጉሙ ውስጥ ቡልኮ የለበሰ አሮጊት ሁሉ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ፈጣሪም አልተወኝም፤ በኋላ እኔም ሻጭ ሆንኩ። ከጡረታ በኋላ የላንቴዋን ሙዝ ስይዝ ነገሩ ከሌላኛው ወገን ምን እንደሚመስል ቀመስኩት። አንድ ደላላ ማታ ይደውላል፤ «በዚህ ዋጋ እገዛለሁ፣ ቆርጠህ አቆይልኝ» ይላል። ሌሊቱን ቆርጠን መንገዱ ጠርዝ ላይ እንቆልላለን። ጠዋት መኪናው ይመጣና ደላላው «የአዲስ አበባ ገበያ ወድቋል» ብሎ ግማሹን ይቀንሳል። ምን ታደርጊያለሽ? የተቆረጠ ሙዝ ተመልሶ ግንዱ ላይ አይገጠም። ፀሐዩም እየወጣ ነው። አሮጊቷ ያዩኝን አስተያየት ያን ጠዋት እኔ ደላላውን አየሁት። ሦስት ሙዝ ግን አልጨመርኩለትም፤ እንደሳቸው አይደለሁም።

ሙዛችን ቀድሞ ፒያሳ አትክልት ተራ ነበር የሚራገፈው። በ2012 በኮቪድ ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። እዚያ የሚወጣው በጅምላ ስለሆነ ለአንቺ አይሆንሽም። ግን በየክፍለ ከተማው የእሁድ ገበያ የሚሉት አለ፤ የገበሬ ማኅበራትና ዩኒየኖች ምርታቸውን ይዘው በቀጥታ እንዲሸጡ የተከፈተ። ማለዳ ሂጂ። የዘገየ ገዥ የቀረውን ነው የሚያገኘው። በጀርባሽ የምትይዢውን ያህል ብቻ ግዢ፤ የራስሽን ዘንቢል ያዢ፤ ገንዘብሽን ዘርዝረሽ ሂጂ፣ ሁለት መቶ ብር አውጥተሽ «ዝርዝር የለኝም» ብለሽ መደብ ላይ ያለች ሴት እንዳታስጨንቂ። በስልክ የሚከፈለውንም ይቀበላሉ አሉ፣ እኔ ግን ጥሬ ብር አምናለሁ፤ እሱ ኔትወርክ አይጠብቅም።

አንድ ቀን የምትቀርቢያት ሻጭ ትኖርሻለች። ደንበኛ ትሁንሽ። ደንበኝነት ማለት ርካሽ ማግኘት ብቻ አይደለም። ሲወደድም ከሷ መግዛት ነው፤ ስትታመም ለምን ቀረች ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ከአንዲት ሴት ስንት ዓመት በርበሬ ገዝቻለሁ። አንድ ቀን ገንዘቤን ረስቼ ብመጣ «ውሰድ፣ ያንተን አልፈራም፣ የኦቾሎ ሰው አይደለህ?» አለችኝ። በምን አወቅሽ ስላት ጉንጬን ጠቆመች። ይሄ ጠባሳዬ፣ ልጅ ሳለሁ ቁንጭር የጣለብኝ። ሽኮኮ ከሚኖርባቸው ዋሻዎች አጠገብ ያደግን ብዙዎቻችን አለን፤ የአሸዋ ዝንብ ነው የሚያመጣው ብለው ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡት ልጆች ያጠኑታል። ትንሽ ሆኜ በጠባሳው አፍር ነበር። ገበያ ላይ ለካ መታወቂያ ሆኖኛል።

ገበያ የሸመታ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ያን ያህል ባልተጨነቁለት። በደጋው በነዶኮ በኩል ሀላቃ የተሾመ ሰው፣ ሥርዓቱ ሲፈጸም፣ ገበያ መሃል ዞሮ ሕዝብ እንዲያየው ይደረጋል፤ ሶፌ ይሉታል። ገበያ ያላየው ሹመት ሹመት አይደለም። እንዴት እንደምንመካከር ለማጥናት ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ ኦቾሎ ድረስ መጥቶ ተቀምጧል፤ መጽሐፉም በ1983 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኔ እንደሱ ብጽፍ ኖሮ አንድ ምዕራፍ ለገበያ እተው ነበር። ዱቡሻ ላይ ተራ ጠብቆ መናገርን እኔ የለመድኩት ከእናቴ መደብ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

መስከረም 2011ን አትረሺውም። ከቡራዩ የመጣው የወገኖቻችን መገደል ወሬ ከተማችንን ሊያነድ ሲል፣ አርባ ምንጭ አስፋልት ላይ ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡት ልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ። የሰው ንብረት እንዳይነካ፣ በሌላው ልጅ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ለመኑ። ወጣቱም ቆመ፤ እርጥብ ሣር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ በኛ አገር አይቻልም። በማግስቱ ሱቆቹ ሲከፈቱ አንዱ ጎረቤታችን ከሌላ አካባቢ የመጣ ነጋዴ ሱቅ ገብቶ፣ የማያስፈልገውን አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቶ ወጣ። ምን ለማለት እንደፈለገ ነጋዴው ገብቶታል፤ ስኳሩን መርቆ ነው የሰፈረለት።

እንግዳ ስትጋብዢና ስለ አገርሽ ገበያ ቢጠይቁሽ ደግሞ የአዞ ገበያን አታስቀድሚ። ቱሪስቱ ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀው። ጫሞ ዳር አዞ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ እዚያ የሚሸጥም የሚገዛም የለም፤ የሚከራከርሽ አዞ ካለ ደግሞ ዋጋው አንቺ ነሽ።

እንግዲህ ጽሑፌ ረዘመ፣ ዓይኔም ደከመ። የሚመጣው እሁድ ማለዳ ተነሺና ሂጂ። የመጀመሪያ ቀን ብትታለዪ ግድ የለም፤ እኔ ስንቴ ተታልያለሁ። የተታለልሽበትን ዋጋ ደውለሽ ንገሪኝ፣ ከእናትሽ ጋር እንስቃለን። ማን እንደመረቀሽም ንገሪኝ።

ሐሙስ ማታ በሚነሳው አውቶቡስ ትንሽ ዕቃ ልኬልሻለሁ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቆጮ ነው፤ ደርሶሽ ሳትውይ ሳታድሪ ከቅጠሉ አውጪው። ዳጣው በብርጭቆ ነው፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌዋለሁ፤ ቢፈስ ተጠያቂዋ እናትሽ ናት፣ ብዙ ሞላችው። የአያትሽን ጣሳም አብሬ ልኬዋለሁ። ቂጡን ገልብጠሽ እዪው፣ ቀጥ ያለ ነው። ውስጡ በጥላ የደረቀ ሀሌኮ አለ። እስከ አፉ ድረስ ያለውን እኔ ነኝ የሞላሁት። በላዩ በጨርቅ የተቋጠረውን እፍኝ እናትሽ ናት የጨመረችው፤ ጣሳው ሞልቷል ብላት አልሰማችኝም።

ሹፌሩ ጠዋት ሲደርስ ይደውልልሻል፣ ስልክሽን አታጥፊ።

አባትሽ፣ ከኦቾሎ